ያልተቆጠረው ልብ

አንዲት አዋላጅ ነበረች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ስትቀበል ኖራለች። በእጇ ስንት ሕፃን እንዳለፈ ብትጠየቅ አታውቀውም። የምታውቀው ገበያ በወጣች ቁጥር አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቁማት፣ ልጇን ወደፊት ገፋ አድርጋ፣ «ሳሚያት፤ የተቀበለችሽ እሷ ናት» እንደምትል ነው።

ይህችን ሴት ለምን አነሳኋት? ጎበዝ ስለነበረች ነው። ሥራውን የማያውቅ ሰው ቢሳሳት ምን ይደንቃል? ግድ የሌለው ሰው ቢያጠፋ ማን ይገረማል? እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ሥራዋን ስለምታውቅ፣ ጆሮዋ ደኅና ስለሆነ፣ ልቧም ክፉ ስላልሆነ ሴት ስሕተት ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ነው እኔንና እናንተን የሚመለከተን።

ስሟ ብርቅነሽ ይባላል። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ያለ ነው። ትልቁ ሆስፒታል በአምቡላንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ ያውም ዝናብ ካልጣለ፣ ያውም አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ካልሄደ።

በዚያ ሰሞን በብርቅነሽ ዘመዶች መካከል ነገር ገብቷል። እናቷ አርጅተው ዓይናቸው እየደከመ ነው። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም «እናታችን ማን ዘንድ ይኑሩ?» በሚለው ተኳርፈዋል። አንዷ ቤቴ ጠባብ ነው ትላለች። አንዱ ሚስቴ ታማለች ይላል። ብርቅነሽ ደግሞ ውሎዋም አዳሯም ጤና ጣቢያ ነው፤ ባሏ በመንገድ ሥራ ርቆ ሄዷል፤ ማን ይጠብቃቸዋል? እሑድ ማታ ታላቅ ወንድሟ ይርሳው ደወለና አንድ ቃል ተናገረ።

«አንቺማ የሰው እናት ስትጠብቂ ትውያለሽ። የገዛ እናትሽ ግድግዳ እየዳበሰች ትሄዳለች።»

ይህን ብሎ ስልኩን ዘጋው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እንዲህ ያለ ቃል በጆሮ ገብቶ የት ይሄዳል? ይወጣል? አይወጣም። እንደ እንግዳ ገብቶ እንደ ባለቤት ይቀመጣል። ብርቅነሽ ሳህን ስታጥብ ለይርሳው ትመልስለታለች። መንገድ ስትሄድ ትመልስለታለች። ለመጸለይ ቆማ ትጀምርና «አሜን» ላይ ስትደርስ መሐሉን የት እንዳደረገችው አታውቅም፤ መሐሉን ከይርሳው ጋር ስትከራከር ነው ያለፈችው። በሐሳቧ መቶ ጊዜ ረታችው። መቶ ጊዜ ረትታው ግን አንድም ጊዜ አላረፈችም።

ሰውነቷ ሥራ ላይ ነው። እሷ ግን የለችም። እናንተስ፣ ሰውነታችሁ ያለበት ቦታ ሁሉ አላችሁ?

ቅዳሜ ነው፤ የገበያ ቀን። ረፋዱ ላይ ዝናሽ የምትባል ወጣት ምጥ ይዟት መጣች። ሁለተኛ ልጇ ነው። አማትዋ ወይዘሮ ደብሬ የገብስ ዱቄትና ቅቤ በዘንቢል ይዘው ተከትለዋታል፤ ልጁ ሳይወለድ ገንፎው ታስቧል ማለት ነው።

«ሲስተር፣ ገና ነኝ?» ትላለች ዝናሽ።

«ትንሽ ነው የቀረሽ፤ ጎበዝ ነሽ።»

«ትንሽ ትንሽ እያልሽ ረፋዱን ጨረስሽው እኮ!»

ወይዘሮ ደብሬ ከበሩ አጠገብ ሆነው፣ «እኔ የዚችን ባል ስወልድ ጠዋት አረም ላይ ነበርሁ፤ ከቀትር በፊት ታቅፌው ገባሁ» አሉ።

ዝናሽ በምጧ መሐል ቀና ብላ አየቻቸውና፣ «እማማ፣ ልጅዎ እርስዎን አላስቸገረም። ማስቸገሩን ለኔ አቆይቶት ነው» አለች። ወይዘሮ ደብሬ እንኳ ሳቁ። ብርቅነሽ ግን አልሳቀችም፤ አልሰማችም። ስልኳ የጋዋኗ ኪስ ውስጥ ተንቀጥቅጧል፤ ይርሳው ይሆን እህቷ ትሆን እያሰላሰለች ነው።

አሁን ስለ አንዲት ዕቃ ልንገራችሁ። የጽንሱን የልብ ምት የሚያሰማው የባትሪ መሣሪያ ከተበላሸ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ስለዚህ አዋላጆቹ ወደ ጥንቷ ማዳመጫ ተመልሰዋል። ከእንጨት የተሠራች፣ አንድ ስንዝር የማትሞላ፣ አፏ እንደ ጥሩንባ የተከፈተ ናት። ሰፊው አፍ እናቲቱ ሆድ ላይ ያርፋል፤ ጠባቡ ጫፍ አዋላጅዋ ጆሮ ላይ። አንድ ሕግ አላት፦ እጅ አይነካትም። በጆሮና በሆድ መካከል ብቻዋን ነው የምትቆመው። ሌላም ሕግ አለ፦ እያዳመጡ የእናቲቱን የእጅ አንጓ መያዝ ነው፤ የእናቲቱ የልብ ምት የልጁ መስሎ እንዳያሳስት። የደኅና ጽንስ ልብ በደቂቃ ከመቶ ሃያ እስከ መቶ ስድሳ ይመታል። የእናት ከዚያ ያነሰ ነው። ሁለቱ ከተለያዩ የሰማሽው የልጁን ነው። ብርቅነሽ የተማረችው እንዲህ ነው፤ ተማሪዎች ሲመጡም የምታስተምረው እንዲህ ነው።

ምጡ ጋብ ሲል ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ደገነች። ስልኳ እንደገና ተንቀጠቀጠ። በቀኝ እጇ የዝናሽን አንጓ ያዘች፤ በግራ እጇ ማዳመጫዋን ጥብቅ አደረገች። ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ቆጠረች።

ዘጠና ስድስት።

ደግማ ቆጠረች። ዘጠና ስምንት። የዝናሽ አንጓ ሰማንያ አራት ነው። ስለዚህ የሰማችው የእናቲቱን አይደለም። የእናቲቱ ካልሆነ የልጁ ነው። የልጁ ከሆነ ደግሞ ልጁ እየደከመ ነው።

«ምነው?» አለች ዝናሽ። ምጥ ላይ ያለች ሴት የአዋላጅን ፊት ታነባለች።

«ምንም አይደል። ወደ ሆስፒታሉ እንልክሻለን።»

«ወደ ሆስፒታል? ለምን? ልጄ ምን ሆነ?»

ወይዘሮ ደብሬ ዘንቢላቸውን ጣሉና፣ «ማርያም! ማርያም! አንቺው ፍቻት!» እያሉ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ብርቅነሽ ወጥታ አምቡላንስ ጠራች። መላኪያ ወረቀት አወጣች። ቸኩላ ጻፈች፦ የጽንሱ የልብ ምት ቀንሷል።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዝናሽ ልትወልድ የቀራት አንድ ሰዓት ያህል ነው። መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ይህች ሴት አምቡላንስ ውስጥ ከገባች፣ ገደል ለገደል፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተንገጫገጨች፣ ከአንድ ሾፌርና ከአንዲት ነርስ ጋር መንገድ ላይ ነው የምትወልደው። ይህን ብርቅነሽ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ግን ምን ታድርግ? ሰምታለች። በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች።

ወረቀቱ የኃላፊዋን ፊርማ ይፈልጋል። ኃላፊዋ ሲስተር ጥሩወርቅ ናቸው፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ ቀጠን ያሉ ሴት። ግራ ጆሯቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አይሰማም። ሠራተኛው ሁሉ የሚቀልድባቸው በዚህ ነው፤ «የሲስተር ሐሜት በግራ በኩል ነው» ይባባላሉ። እሳቸውም ያውቁታል፤ «በግራ ያማችሁኝን በቀኝ እሰማዋለሁ» ይላሉ።

ወረቀቱን አነበቡ። አልፈረሙም። ወደ ማዋለጃው ክፍል ገቡና ማዳመጫዋን አንሥተው ቀኝ ጆሯቸውን ደገኑ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንድ ደቂቃ ሙሉ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ዝናሽን ግንባሯን ዳሰሱና፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ትንሽ ዕረፊ» አሏት። ከዚያ ብርቅነሽን ወደ መስኮቱ ጠሯት።

«ስንት ሰማሽ?»

«ዘጠና ስድስት። ቀጥሎ ዘጠና ስምንት። እትዬ ጥሩወርቅ፣ ጊዜ የለንም፤ ይፈርሙልኝ።»

«የእናቲቱስ?»

«ሰማንያ አራት። አጣርቻለሁ እኮ! የእናቲቱ አይደለም።»

«ያንቺስ?»

«የኔ ምን?»

«ያንቺ ልብ። ስንት ይመታል?»

ብርቅነሽ ንዴቷ መጣ። «እኔ መቼ ታመምሁ? ልጁ ነው የታመመው!»

ሲስተር ጥሩወርቅ ሁለት ጣታቸውን አንገቷ ላይ፣ ከመንጋጋዋ ሥር አሳረፉ። ወደ ሰዓቱ አዩ። ቀስ ብለው፣ «ዘጠና ስምንት» አሉ።

ብርቅነሽ ወደ አልጋው ዞራ አየች።

«እዚያ አልጋ ላይ ስንት ልብ አለ?» አሉ ሲስተር ጥሩወርቅ።

«ሁለት።»

«ሦስት ነው። አንቺ ስትጎነበሺ ሦስት ይሆናል። የእናቲቱን ለይተሻል። የራስሽን የት አደረግሽው? ማዳመጫዋን በእጅሽ ጨብጠሻት ነበር?»

ብርቅነሽ ግራ እጇን አየችው። ጣቷ ላይ የእንጨቱ ጠርዝ የተወው ምልክት ገና አልጠፋም። ያን ያህል ጨብጣታለች።

«ታዲያ ልጁ ደኅና ነው? እርስዎ ሰምተዋል፤ ይንገሩኝ!»

«ሰምቻለሁ። የሚያሰጋ ነገር ቢኖር እዚህ ቆሜ አላወራሽም። ስንት እንደሆነ ግን አንቺ ትነግሪኛለሽ። ነፍሰ ጡሮቹ ደጅ ተሰልፈው ይጠብቁኛል፤ ይችን ሴት እስክትወልድ የምታዳምጫት አንቺ ነሽ። በኔ ጆሮ ልታዋልጂያት ነው? ያውም በአንዱ?»

በርጩማ ሳቡላት። «ተቀመጪ። ስልክሽን አጥፊው።»

«እትዬ...»

«አጥፊው። ማን እንደሚጮህብሽ አላውቅም፤ ግን ከሰኞ ጀምሮ ሰው አስከትለሽ ነው የምትገቢው። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ምንም አትሥሪ። ትንፋሽሽ ሲገባና ሲወጣ ብቻ እወቂው። እስከ አሥር ቁጠሪ። ያ ሰው መጥቶ ሲለፈልፍብሽ አትጣዪው፤ ‹መጣህ?› በዪና ወደ አንድ ተመለሺ።»

ብርቅነሽ ተቀመጠች። አንድ። ሁለት። ሦስት ላይ ይርሳው መጣ። «ግድግዳ እየዳበሰች...» አላት። ለመመለስ አፏ ሊከፈት ደረሰ። መጣህ? አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። እንደገና መጣ። መጣህ? አንድ።

አሥር ላይ አልደረሰችም። ይህን ልብ በሉ፤ አሥር ላይ አልደረሰችም። ነገር ግን በመሐሉ አንድ ነገር ሆነ። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ ሰማች። ከገበያው በኩል አህያ ሲያናፋ ሰማች። የዝናሽን ትንፋሽ ሰማች፤ አጭርና ፍርሃት ያለበት ነው። ጠዋቱን ሙሉ ይህ ሁሉ ድምፅ ነበረ፤ እሷ ናት ያልነበረችው። ከዚያም ደረቷ ውስጥ የገዛ ልቧን ሰማችው፤ ሲሮጥ የቆየ፣ አሁን ዝግ እያለ የመጣ።

ተነሣች። ጆሮዋን ደገነች። እጇን ከማዳመጫዋ አነሣች። መጀመሪያ የሰማችው ያንኑ ነው፤ ዝግተኛ፣ ከባድ ምት። ይሄ የኔ ነው አለች በልቧ። አወቀችው፤ አውቃም አሳለፈችው። ከእሱ ወዲያ፣ ራቅ ብሎ፣ ሜዳ ላይ እንደሚጋልብ የፈረስ ኮቴ ያለ ቀላልና ፈጣን ድምፅ አለ። ቆጠረች።

«መቶ አርባ ሁለት» አለች። ቀና አለች። «መቶ አርባ ሁለት ነው፣ እትዬ።»

«እኔም እንደዚያው ነው የሰማሁት» አሉ ሲስተር ጥሩወርቅ፤ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ተሰላፊዎቹ ሄዱ። አምቡላንሱ ግን ደጅ እንዲቆም አዘዙ፤ ጠንቃቃ ሴት ናቸው።

ብርቅነሽ ወደ ዝናሽ ዞረች። «ልጅሽ ደኅና ነው። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። አስደነገጥሁሽ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ኧረ ሲስተር!» አለች ዝናሽ ላቧን እየጠረገች፣ «አንቺ ስትሳሳቺ እኔ ልሞት ነበር እኮ!»

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይላል፤ ግን አላለቀም። ከዚያ በኋላ ብርቅነሽ ምጡ ጋብ ባለ ቁጥር ታዳምጣለች። ከመጎንበሷ በፊት ለአፍታ ቆማ ልቧን ታውቀዋለች፤ ከዚያ ትደግናለች። መቶ አርባ። መቶ ሠላሳ ስምንት። መቶ አርባ። ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር፣ ዝናሽ ልጁን መግፋት ስትጀምር፣ ኮቴው ዘገየ። መቶ ሃያ። መቶ። ዘጠና ስድስት። ምጡ ካለፈ በኋላም ቶሎ አልተመለሰም።

ዘጠና ስድስት! ያው ቁጥር ነው አይደል? ያው ጠዋት ያስደነገጣት ቁጥር። አሁንስ ልቤ ነው ብላ ትለፈው? የለም። አሁን የራሷን ታውቀዋለች፤ ስለዚህም ይኸኛው የሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። አልተርበተበተችም። ዝናሽን በግራ ጎኗ አስተኛቻት፤ አየች፤ ልጁ ደርሷል። ሲስተር ጥሩወርቅን አስጠራች።

«ዝናሽ፣ አሁን በደንብ ስሚኝ። በሚቀጥለው ምጥ ያለ የሌለ ኃይልሽን ታወጫለሽ።»

የልጁ ራስ ወጣ። እትብቱ አንገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሟል፤ ጠብቋል፤ በጣት አልላቀቅ አለ። በሁለት በኩል ቆንጥጣ አሰረችው፤ ቆረጠችው። ሕፃኑ ተንሸራቶ ወጣ፤ ሰማያዊ ነው፤ አይንቀሳቀስም። አደረቀችው፤ ጀርባውን አሸችው። ዝም። ሲስተር ጥሩወርቅ የአየር መስጫውን አቀበሏት። አንድ ትንፋሽ። ሁለት። ሦስት። ወይዘሮ ደብሬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል። አንድ ደቂቃ ሊሞላ ሲል ደረቱ ራሱ ተነሣ። ፊቱ ተጨማደደ። አለቀሰ።

ሕፃኑ ሴት ናት። ወይዘሮ ደብሬ እልልታውን ለቀቁት። ሰባት ጊዜ ሲሞላ ሲስተር ጥሩወርቅ፣ «ለሴት ሦስት ነው እኮ ደንቡ» አሏቸው።

«የልጅ ልጄ ናት! እርስዎ በአንዱ ጆሮዎ የሚሰሙትን ይስሙ፤ የቀረውን ማርያም ትሰማዋለች!»

ያን ዕለት ይህች ሕፃን አምቡላንስ ውስጥ ብትወለድ ኖሮ? አላውቅም። ምናልባት ትተርፍ ነበር። አጋንኜ ልነግራችሁ አልፈልግም። ጽሞና እትብት አይቆርጥም፤ የቆረጠው እጅ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት የተማረ እጅ። ጽሞና ያደረገው አንድ ነገር ነው፦ ያን እጅ ባለቤቱ ዘንድ መለሰው።

ከዚያ በኋላ ብርቅነሽ በየማለዳው ሥራ ከመግባቷ በፊት ከመድኃኒት ክፍሉ ኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ሩብ ሰዓት መቀመጥ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ሰላም በሰላም ሆነች ልበላችሁ? አልሆነችም። በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ቆርጣ ለሲስተር ጥሩወርቅ ነገረቻቸው።

«አልቻልሁም። እቀመጣለሁ፤ ሐሳቤ ግን ይሸሻል።»

«ዛሬ ስንት ጊዜ ሸሸ?»

«ኧረ ሃያ ጊዜ ይሆናል።»

«ስንት ጊዜ መለስሽው?»

«ያው ሃያ ጊዜ።»

«ታዲያ ሃያ ጊዜ መመለስ ካልሆነ ጽሞና ምን መሰለሽ? እኔ ሠላሳ ዓመት ተቀምጬም እንደዚሁ ነኝ።»

እየዋለ ሲያድር እንቅልፏ ተመለሰ። የምትበላውን ማጣጣም ጀመረች። ጸሎቷም መሐል አገኘ። አንድ ቀን ከዚያ አግዳሚ ተነሥታ ለእናቷ ደወለች። ስለ እናቷ ከይርሳው ጋር ወር ሙሉ ተነታርካለች፤ እናቷን ግን አንድም ጊዜ አልጠየቀቻቸውም።

«እማዬ፣ አንቺ የት መኖር ትፈልጊያለሽ?»

እናትየው ብዙ ዝም አሉ። ብርቅነሽ ያን ዝምታ አልሞላችውም፤ ጠበቀች። «ይህን የጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አሉ በመጨረሻ። «እዚሁ ነው ልጄ። ግድግዳዬን በእጄ አውቀዋለሁ። የማላውቀው ቤት ከወሰዳችሁኝ ነው የምታወር።»

ሦስት ልጆች ናቸው። አንዷ የምትሰማው የራሷን ድካም ነው። አንዱ የራሱን ኀፍረት። አንዷ የራሷን ቁስል። ሦስቱም «እናታችንን እያሰብን ነው» ይላሉ። የእናታቸው ልብ ግን ከሦስቱ ጩኸት ወዲያ ቀስ ብሎ ይመታ ነበር።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደናንተ ልምጣ።

ሚስትህ «ደከመኝ» ትልሃለች፤ አንተ የምትሰማው «ሰነፍ ነህ» ስትል ነው። ማን ነው እንደዚያ ያለው? እሷ ናት ወይስ ልብህ? ልጅሽ ከትምህርት ቤት ገብቶ ዝም ይላል፤ አንቺ የምትሰሚው «ናቀኝ» ነው። የልጁን ነው የሰማሽው ወይስ የራስሽን? እናንተ ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት ልታስታርቁ ትቀመጣላችሁ፤ አንዱ ሲናገር የትናንት ቂማችሁ ይመታል፤ «ሰማን» ብላችሁ ትፈርዳላችሁ። አዎ፣ ሰምታችኋል። ብርቅነሽም ሰምታለች፤ ጆሮዋ አልዋሻትም። ጥያቄው ሰማችሁ ወይ አይደለም። የማንን ሰማችሁ? ነው።

ወደ ጸሎትም እንዲሁ እንገባለን። ጭንቀታችንን ጨብጠን፣ ጥብቅ አድርገን፣ ጆሯችንን እንደግናለን። የገዛ ጭንቀታችን ይመልስልናል። ከዚያ ወጥተን «እግዚአብሔር እንዲህ አለኝ» እንላለን! እጃችንን ሳናነሣ?

«ሥራ አለን፤ ለመቀመጥ ጊዜ የለንም» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ብርቅነሽም ሕፃን እየሞተባት መስሏት ነበር፤ ከሷ የበለጠ የቸኮለ ሰው ማን አለ? ሁለት ደቂቃ ነው የተቀመጠችው። ነገ ጠዋት ስልካችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት ቢበዛባችሁ አምስት ደቂቃ። ትንፋሻችሁን እወቁት። ሐሳባችሁ ቢሸሽ አትደንግጡ፤ አትቆጡት፤ መልሱት። ጭንቀቱ ከአቅም በላይ የሆነባችሁ፣ ቀኑ የጨለመባችሁ ካላችሁ ደግሞ ለሰው ንገሩ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ፤ ነውር የለበትም። መቀመጥ ሐኪምን አይተካም። ግን ሐኪሙ የሚጠይቃችሁን እንድትሰሙ ይረዳችኋል።

አሁን ለመነሣት አትቸኩሉ። ነጠላችሁን አታስተካክሉ። ዛሬ ቤት ስትገቡ በር የሚከፍትላችሁን ሰው አስቡ። አንድ ሰው ብቻ። ያ ሰው ሰሞኑን የሚደጋግመው አንድ ነገር አለ፤ ምናልባት በቃል፣ ምናልባት በዝምታ። ምንድን ነው?

አታውቁትም?

እኔም ቤቴ ያለው ሰው ምን እያለኝ እንደሆነ ዛሬ ጠዋት ስወጣ አላወቅሁም ነበር። እንግዲህ ሳናውቅ አንግባ። ጥቂት ዝም እንበል።